የተረፈው ናሙናዎ ለምርምር ይቀመጥ? የትኛውን ፈቃድ ልፈርም ለሚሉ

ዕጢው ወጥቷል፣ ወይም ደም ተቀድቷል። ምርመራው አልቆ ትንሽ ተርፏል። ከዚያ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል። "የተረፈውን ለምርምር እንድናስቀምጠው ይፈቅዳሉ?" ይላል። ብዙ ሰው ወይ ሳያነብ ይፈርማል፣ ወይ ደንገጥ ብሎ "አይሆንም" ይላል። በሁለቱ መካከል ግን ብዙ ዓይነት ምርጫ አለ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ፈቃዱ ምን ያህል ሰፊ ነው በሚለው ነው። እኔ ደግሞ ከስፋቱ ይልቅ የናሙናው ጠባቂ ማን እንደሆነ ማወቅ ይበልጣል ባይ ነኝ። ዕቁብ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዳኛው ማነው?" ብሎ ነው። ደንቡን የሚያነበው ኋላ ነው። ናሙና ሲሰጥም እንደዚያ ቢሆን ጥሩ ነው።

ለምን ይህን ያህል እናስብበታለን? ናሙና ቶሎ ስለማይጠፋ ነው። በፎርማሊን ታክሞ በፓራፊን ሰም የተቀበረ ቁራጭ በፓቶሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ደምና ዲኤንኤ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ይቀመጣል። ሕያው ሕዋስ ደግሞ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባል። በ1951 ሄንሪዬታ ላክስ ከተባለች አሜሪካዊት የማሕፀን በር ካንሰር የተወሰደው ሕዋስ ዛሬም በዓለም ላቦራቶሪዎች እየተባዛ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ዛሬ የሚፈርሙት ወረቀት እርስዎ ካለፉ በኋላም ይሠራል ማለት ነው።

ለአንድ ጥናት ብቻ ወይስ ለወደፊት ሁሉ?

ጠባቡ ፈቃድ ግልጽ ነው። "ናሙናዬ ለስኳር በሽታ ጥናት ብቻ ይዋል" ይላሉ። ጥናቱ ሲያልቅ ናሙናው ይወገዳል፣ ወይም ለሌላ ሥራ ካስፈለገ ተመልሰው ይጠይቁዎታል። ልብ ያሳርፋል። ችግሩ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ተመራማሪው ሲፈልግዎ ስልክዎ ተቀይሯል፣ ሰፈር ለቀዋል። ያኔ ጥሩ ናሙና ያለ ጥቅም ይቀራል።

ሰፊው ፈቃድ "ለወደፊት የጤና ምርምር" ይላል። ምን ዓይነት ምርምር እንደሚመጣ ዛሬ ማንም አያውቅም። የብሪታንያው የናሙናና የጤና መረጃ ማከማቻ (ባዮባንክ)፣ ዩኬ ባዮባንክ፣ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከ2006 እስከ 2010 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ 500,000 ገደማ ሰዎችን መዘገበ። በአንድ ፊርማ ለልብም፣ ለካንሰርም፣ ለአእምሮ ሕመምም ጥናት በር ተከፈተ። በየጥናቱ ግማሽ ሚሊዮን ሰው እየዞሩ ማስፈረም ቢያስፈልግ ኖሮ አብዛኛው ሥራ ባልተጀመረ ነበር።

ሰፊ ፈቃድ ማለት ባዶ ቼክ ነው የሚሉ አሉ። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። የሃቫሱፓይ ሕዝብን ጉዳይ እንይ። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ስኳር በሽታ እየጨረሳቸው ስለነበር ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጡ። በቃል የተነገራቸው ስለ ስኳር ነው። ወረቀቱ ላይ ግን "የባህርይና የሕክምና ችግሮች መንስኤ" የሚል ሰፊ ሐረግ ተጽፎ ነበር። ደማቸው ስኪዞፍሬንያ ለተባለው የአእምሮ ሕመም ጥናት፣ በዘመድ መካከል ስለሚፈጸም ጋብቻ ጥናት፣ አያቶቻቸው ከየት መጡ ለሚል ጥናትም ዋለ። የመጨረሻው ከካንየኑ ነው የተፈጠርነው የሚለውን እምነታቸውን የሚነካ ነው። ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ለመክፈልና የተረፈውን ደም ለመመለስ ተስማማ። ደማቸውን ለመውሰድ ሲመጡ እየጸለዩና እያለቀሱ ነበር።

እኔ ከዚህ የምወስደው ሰፊ ፈቃድ ክፉ ነው የሚለውን አይደለም። አፍና ወረቀት ሲለያዩ የሚገዛው ወረቀቱ መሆኑን ነው። ነርሷ "ለስኳር ነው" ካለችዎ፣ ወረቀቱም "ለስኳር" ይበል። ወረቀቱ "ለማንኛውም ምርምር" የሚል ከሆነ ደግሞ ያን ሁሉ እንደፈቀዱ ቆጥረው ይፈርሙ።

በምልክት የሚመረጠው፣ በየጊዜው የሚጠየቀው

ሦስተኛው ዓይነት በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ፎርሙ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ለዚህ በሽታ ብቻ፤ ለሌላ በሽታም፤ ለዘረመል ጥናት፤ ወደ ውጭ አገር ለመላክ፤ ለንግድ ድርጅት ለማካፈል። የሚፈልጉት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ለእኔ ለተራ ሰው የሚመቸው ይህ ነው። አንድ ስንኩልነት ግን አለው። ባዮባንኩ የእያንዳንዱን ሰው ምርጫ ለአሥርት ዓመታት በትክክል መከታተል አለበት። የሚጣልና የሚቀመጠውን በእጅ መዝገብ ብቻ የሚይዝ ቦታ ከሆነ ምልክትዎ ወረቀት ላይ ይቀራል። "ምርጫዬ ናሙናው ላይ እንዴት ይመዘገባል?" ብሎ መጠየቅ ነገር ማብዛት አይደለም።

አራተኛው በስልክ ወይም በኢንተርኔት በየጊዜው የሚጠየቁበት ነው። አዲስ ጥናት ሲመጣ መልእክት ይደርስዎታል፣ እሺ ወይም እምቢ ይላሉ። ሲወራ ደስ ይላል። ስማርት ስልክና የማይቋረጥ ኔትወርክ ለሌለው ሰው ግን ምርጫ አይደለም። እሱ ብቻም አይደለም፤ ለአሥረኛው መልእክት ምን ያህል ሰው በትክክል አንብቦ ይመልሳል? ቫይበር ላይ የዕድር መልእክት እንኳ ሳይነበብ ያልፋል።

ሳይጠየቁ የሚቀመጠው

ይሄ አለ ብለው የማያስቡት ዓይነት ነው። በአሜሪካ ሕግ ለሕክምና ተወስዶ የተረፈ ናሙና ማንነትን የሚገልጽ ነገር ከተነሣለት ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ለምርምር ሊውል ይችላል። ዋሽንግተንም ሆነ ዳላስ ያላችሁ፣ ሆስፒታል ስትገቡ ከምትፈርሙት የወረቀት ክምር መካከል ስለዚህ የሚያወራ አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ፈልጉት።

ሳይጠይቁ ማስቀመጥ ጊዜ ይቆጥባል። ሲታወቅ ግን ሁሉንም ያጠፋል። ቴክሳስ ከአራስ ሕፃናት ተረከዝ የሚወሰደውን የደም ጠብታ ወላጆችን ሳያስፈቅድ ያስቀምጥ ነበር። ወላጆች በ2009 ከሰሱ። በመጨረሻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ናሙና ተወገደ። ቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ አብዛኛው ወላጅ እሺ ይል ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዝ የባሰ አይታለች። ሊቨርፑል በሚገኘው አልደር ሄይ የሕፃናት ሆስፒታል የሞቱ ልጆች የውስጥ አካል ቤተሰብ ሳያውቅ ተይዞ መቅረቱ በ1999 ወጣ። ወላጆች ልጃቸውን ቀብረናል ብለው ነበር። ልቡ ግን ሆስፒታል ቀርቷል። እኛ ዘንድ የተቆረጠ እግር እንኳ ተወስዶ ይቀበር የሚል ቤተሰብ ስላለ ይሄ ሐዘን ማስረዳት አያስፈልገውም። የእንግሊዝ የሰው ቲሹ ሕግ በ2004 የወጣው ከዚህ ቁጣ በኋላ ነው። ፈቃድ የሕጉ ምሰሶ ሆነ።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም የራሳቸው ትዝታ አላቸው። ጉዳዩ የምርምር አልነበረም፤ ደም ልገሳ ነበር። የቤተ እስራኤል ሰዎች የለገሱት ደም በኤችአይቪ ፍርሃት በድብቅ ሲጣል እንደነበር በ1996 ሲታወቅ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ተቃውሞ ወጡ። ሰዎቹን ያቃጠላቸው ፊት ለፊት "እናመሰግናለን" ተብለው ከጀርባ መጣሉ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ማኅበረሰብ ዘንድ ናሙና ልሰብስብ የሚል ተመራማሪ ጥርጣሬ ሲገጥመው አይደነቅ።

ስሜ ይጥፋ ወይስ ኮድ ይሰጠው?

እዚህ ጋ ረጋ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

"ስምዎ ፈጽሞ አይታወቅም" የሚለው ቃል ከሁሉ የበለጠ ደህና ይመስላል። ናሙናውንና ስምዎን የሚያገናኘው ክር ሙሉ በሙሉ ይበጠሳል። ነገር ግን ክሩ ሲበጠስ ሁለት መብት አብሮ ይሄዳል። ነገ ሐሳብዎን ቀይረው "ናሙናዬን አውጡልኝ" ቢሉ የቱ የእርስዎ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሊታከም የሚችል አደገኛ ነገር ቢገኝበትም ማንም ሊነግርዎ አይችልም።

ኮድ የተሰጠው ናሙና ላይ ስም የለም፣ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው መዝገብ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። ተመራማሪው አያየውም። መዝገቡ በደንብ ከተጠበቀ ይሄኛው ይሻላል እላለሁ። ዩኬ ባዮባንክ ሰዎችን ሲመዘግብ ሦስት ዓይነት መውጫ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእንግዲህ አታግኙኝ፣ አዲስ መረጃ አትውሰዱ፣ ወይም ጨርሶ አትጠቀሙበት። ክሩ የተበጠሰ ቢሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው አይቻሉም ነበር።

ደግሞም ዲኤንኤ የተነበበ ከሆነ "ስም የለውም" የሚለው ተስፋ እየሳሳ ነው። በ2013 ተመራማሪዎች ስም የተነሣለትን የዘረመል መረጃ ኢንተርኔት ላይ ካለ የትውልድ ሐረግ መረጃ ጋር አገናኝተው ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎችን ማንነት አወቁ። በዚያው ዓመት የሄንሪዬታ ላክስ ሕዋስ ሙሉ የዘረመል ንባብ ቤተሰቧ ሳይጠየቅ ታትሞ ነበር። ቤተሰቡ ሲቃወም ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጋር ስምምነት ተደረሰ። አሁን መረጃውን የሚፈልግ ተመራማሪ ያመለክታል፤ ማመልከቻውን በሚያየው ኮሚቴ ውስጥም የቤተሰቡ አባላት አሉ። የእርስዎ ዘረመል የእርስዎ ብቻ አይደለም። የእህትዎም፣ የልጅዎም ነው። ከመፈረምዎ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ቃል ጣል ማድረግ አይከፋም።

ቢገኝ ይነገረኝ?

ፎርሙ ይህን ከጠየቀ ቶሎ አይመልሱ። ዩኬ ባዮባንክ የግለሰብ የዘረመል ውጤት አይናገርም፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ለተሳታፊው ያሳውቃል። የአሜሪካው ኦል ኦፍ አስ ተቃራኒ ነው። 1 ሚሊዮን ሰው ለመድረስ አቅዶ በ2018 በይፋ የጀመረ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለፈለገ ተሳታፊ ከአንዳንድ በዘር ከሚወረሱ በሽታዎች ጋር የተያያዘ ውጤት ይሰጣል። ማወቅ ለማይፈልግም አይነገርም።

የኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ሊታከም ወይም ሊከላከሉት የሚቻል ነገር ከሆነ ይነገረኝ። መድኃኒት ከሌለው ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ልብ ያውቃል። ውጤት ይነገረኝ ካሉ ማን እንደሚያብራራልዎም ይጠይቁ። ዝም ብሎ በኢሜይል የተላከ የጂን ስም ጭንቀት ብቻ ነው።

ገንዘቡስ?

አጭሩ መልስ፣ ለእርስዎ አይደርስም። ጆን ሙር የሚባል የደም ካንሰር ታማሚ በ1976 በሎስ አንጀለስ ጣፊያው ወጣ። ሐኪሙ ከሕዋሱ ለሽያጭ የሚሆን ነገር አወጣበት፤ በ1984 የፈጠራ ባለቤትነት ተመዘገበበት። ሙር ከሰሰ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ሕዋሱ ከወጣ በኋላ የሙር ንብረት አይደለም አለ። ሐኪሙ ግን የጥቅም ፍላጎቱን መንገር ነበረበት አለ። ሕጉ ገንዘቡን ነፍጎት ማወቅን ሰጠው ማለት ነው። የላክስ ቤተሰብ በሕዋሷ አትርፏል ብሎ ከከሰሰው ከቴርሞ ፊሸር ኩባንያ ጋር በ2023 ተስማምቷል፤ የስምምነቱ ይዘት ግን አልተገለጠም።

በግል ብር ይደርሰኛል ብለው ባይፈርሙ ጥሩ ነው። ከ2019 ወዲህ በአሜሪካ ፎርሙ ናሙናው ለትርፍ ሊውል እንደሚችልና ትርፉ ይካፈል አይካፈል እንደሆነ መናገር ይጠበቅበታል። አንቀጹን ካላዩት ይጠይቁ።

ከኩባንያ ጋር በተያያዘ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጠባቂው ሲዘጋ የሚሆነው ነው። ዘሬን ልወቅ ብላችሁ ለ23ኤንድሚ ምራቅ የላካችሁ ዲያስፖራዎች ታውቁታላችሁ። ኩባንያው በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ያን ጊዜ የ15 ሚሊዮን ሰው መረጃ በማን እጅ ይገባል የሚለው ፍርድ ቤት ደረሰ። ብዙ ሰው መረጃውን ለማጥፋት ተሽቀዳደመ። እኛ አገር ደግሞ የጤፉን ነገር አንረሳም። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈረመ። ኩባንያው ከሰረ፣ የጤፍ ዱቄት ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ዞረ፣ ስምምነቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ፓተንቱ በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ የተባለው በ2018 ነው። እህልና የሰው ቲሹ አንድ ባይሆኑም ጥያቄው አንድ ነው፤ ፈራሚው ሲጠፋ ቃሉን ማን ይወርሳል?

እዚሁ ይቀመጥ ወይስ ይላክ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ያስፈልጋል። ይህን የሚያዝ አገር አቀፍ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ አለ። በዚያ ላይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። በ1970 አዲስ አበባ ላይ እንደተቋቋመው እንደ አርማወር ሐንሰን ያለ የሕክምና ምርምር ተቋም የራሱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለው። "እዚህ አገር ማን ይጠብቀኛል" ለሚል የሚጠይቀው ሰው አለ ማለት ነው። ናሙናዎ ባሕር ማዶ ከሄደ ግን የሚጠይቁት ሰው ይርቃል። በ2019 የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝ ከሚገኘው ሳንገር የዘረመል ምርምር ተቋም የአፍሪካውያን ዲኤንኤ ይመለስልን ብሎ ጠይቆ ነበር። ክርክሩ ለንግድ በታሰበ የዘረመል ቺፕ (ዲኤንኤ መመርመሪያ መሣሪያ) ላይ ነበር። ሳንገር ክሱን አልተቀበለም። ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ከተቸገረ አንድ ታማሚ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ይህ ሁሉ "አትስጡ" ለማለት አይደለም። ካልሰጠን መድኃኒቱ የሚለካው በሌላ ሰው አካል ነው። በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚቀይረው ጂን ተደራርቦ እንዳላቸው አገኘ። እነዚህ ሰዎች ኮዴይንን ከሌላው ፈጥነው ወደ ሞርፊን ይለውጡታል። ለሌላው ልክ የሆነ መጠን ለእነሱ ሊበዛ ይችላል። ይህን ያወቅነው አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ደም ስለሰጠ ነው።

ታዲያ የቱን?

ጠባቂው የታወቀ ተቋም ከሆነ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካለው፣ ኮድ የሚሰጥና መውጫ ያለው ከሆነ ሰፊውን ፈቃድ እፈርማለሁ። ሳጥን ያለው ፎርም ካገኘሁ ደስ ይለኛል፤ የንግዱና የውጭ አገሩ ሳጥን ላይ ቆም እላለሁ። ተቋሙ የግል ኩባንያ ሆኖ "ብንሸጥ ወይም ብንዘጋ" የሚል አንቀጽ ከሌለው ጠባቡን ብቻ፣ ወይም ጨርሶ አልሰጥም። "ስምዎ ይጠፋል" በሚል ብቻ የሚያባብልም አያሳምነኝም።

አንድ ሁኔታ ላይ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ። ጥናቱ የአንድን ብሔር፣ የአንድን ቀበሌ ወይም የሚያሳፍር ተብሎ የሚታይ በሽታን ስም ይዞ የሚሄድ ከሆነ ጠባቡ ወይም በደረጃ የተከፋፈለው ይሻላል። ወላይታ ላይ በባዶ እግር በቀይ አፈር ከመሄድ ጋር የተያያዘው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ የዘረመል ጥናት ሊደረግበት ሲል ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ሕዝቡን አነጋገሩ። ሰው የፈራው መርፌውን ብቻ አልነበረም። ቤተሰባችን ለሕዝብ ዓይን ይጋለጣል፣ መገለሉ ይብሳል ብለውም ሰግተው ነበር። ፈቃድ አጠያየቁ ያንን ስጋት ይዞ ተስተካከለ። ጥናቱም ተሠርቶ በ2012 ታተመ፤ ከበሽታ መከላከያ ጋር የተያያዙ ጂኖች ድርሻ እንዳላቸው አሳየ። እንዲህ ዓይነት ጥናት ውስጥ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ነው የሚፈርሙት።

ፎርሙ በአማርኛ ወይም በሚገባዎት ቋንቋ ካልቀረበ "ይነበብልኝ" ይበሉ፤ ቅጂም ይውሰዱ። ቅጂው ላይ መውጣት ቢፈልጉ የሚደውሉበት ስልክ መኖሩን ይዩ። ከወጡ በኋላ የታተመ ጥናት እንደማይሰበሰብ አስቀድመው ይወቁ፤ የሚቆመው የወደፊቱ ነው። ለልጅ የሚፈርሙ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ልጁ 18 ሲሞላው ድጋሚ ይጠየቃል ወይ? "አይ" ካሉ የልጁን ናሙና ለአንዱ ጥናት ብቻ ይፍቀዱ፤ የቀረውን ሲያድግ ራሱ ይወስን።